ከጸሐፊዋ ሐሳብ ጋር ይቃረናል

እትዬ ፀደንያ ገብረመንፈስቅዱስ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የልደት ምዝገባ ክፍል የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው። ስለ እርሳቸው ልጽፍ የሚገባኝ ሰው መሆኔን እጠራጠራለሁ፤ ለሥራ ልምምድ ተመድቤ አራት ወር አጠገባቸው ስቀመጥ ያደረግሁት በአብዛኛው ማየት ብቻ ነበር። ነገር ግን የሆነውን ከእርሳቸውና ከእኔ በቀር በቅጡ የሚያውቅ የለም፤ ከጥፋቱም ድርሻ አለኝ።

አንኮበር የተወለዱ የቄስ ልጅ ናቸው። አባታቸው ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩ ስለነበር የዘመን ቆጠራን ከፊደል እኩል ነው የለመዱት። አባት «ልብ አድርጊ፤ ዓመቱን ለአራት ከፍለሽ ሦስት ቢተርፍሽ ዘመኑ የማን ነው?» ሲሏቸው «የሉቃስ!» ይላሉ። «ጳጉሜንስ ስንት ትሆናለች?» ሲሏቸው «ስድስት!» ይላሉ። ይህን ሲያወሩልኝ ፈገግ ይሉ ነበር፤ በኋላ ግን ማውራቱን ተዉት።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ጉሙ ከቀትር በኋላ እንኳ ከመስኮታችን አልላቀቅ ባለበት ሳምንት፣ ትርንጎ የምትባል የጫጫ ሴት መንታ ልጆቿን ይዛ መጣች። ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። መዋእለ ሕፃናት ልታስገባቸው የልደት ምስክር ወረቀት ተጠይቃለች። ልጅቱ ሊያ ጳጉሜን አምስት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ሲመሻሽ ተወለደች፤ ወረቀቷም ወዲያው ወጣ። ወንድሟ ቃለ አብ ግን ምጡ አድሮ በማግስቱ ጧት ነው የተወለደው። እትዬ ፀደንያ ጳጉሜን ስድስት ብለው ሲጽፉ ኮምፒውተሩ «ይህ ቀን የለም» አለ።

«መስከረም አንድ እንበለውና እንገላገል፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው» አለች ባልደረባችን ትዕግስት።

«በአንድ ማህፀን ተኝተው በዓመት ሊበላለጡ ነው?» አለች ትርንጎ። «እኔ ነኝ ያማጥሁት ወይስ ይሄ ሣጥን?»

«ሣጥኑ ቢያምጥ ኖሮ ቀኗን አይረሳትም ነበር» አሉ እትዬ ፀደንያ። ሁላችንም ሳቅን።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። እትዬ ፀደንያ መዝገቡን በየቀኑ ከፍለው አወጡት። በዚያ ዓመት ጳጉሜን አምስት የተወለዱ አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት አሉ። መስከረም አንድ አርባ አንድ። በመካከሉ ከጫጫ እስከ አሊዩ አምባ አንድም ሰው አልተወለደም። ባዶውን መስመር በጣታቸው ነኩት፤ እኔም ሳላስበው ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብሁ።

ፕሮግራሙን ለሠራው አዲስ አበባ ላለው ድርጅት ጻፉ። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። «ስሌቱን የወሰድነው ከታወቀ የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ መድረክ ነው። ከአራት መቶ በላይ ድምፅ ያገኘችው ፀደንያ የተባለች ባለሙያ እንዳስረዳችው፣ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪ ካለው ጳጉሜን ስድስት የለችም። መልሷ ከታረመ እናርማለን።»

እትዬ ፀደንያ ገጹን ከፈቱት። ከመልሱ ሥር ስማቸውና በሃያ ዓመታቸው የተነሡት ትንሽ ፎቶ አለ።

መድረኩ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ አንባቢው ድምፅ ይሰጣል። ድምፅ ያገኘ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥብ ያገኘ ሥልጣን ያገኛል። ማንም ሰው የሌላውን መልስ ለማረም ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ሦስት ገምጋሚዎች አይተው ያጸድቁታል ወይም ይጥሉታል። ደመወዝ የለም። ከስምና ከፎቶ በቀር ፊት ለፊት የሚተያይም የለም።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳሉ መልሱን የጻፉት እርሳቸው ነበሩ፤ «ሦስት ቢተርፍ» ብለው በትክክል ጽፈውታል። በማግስቱ አንድ እንግዳ ሰው ገብቶ «ምንም ባይተርፍ» ብሎ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልማድ አረመው።

«ሰውየው አሥራ ሁለት ሺህ ነጥብ ነበረው፤ እኔ ሰባት» አሉኝ። «አባቴ ዘንድ መደወል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፈርሁና ተቀበልሁት።»

አሁን ወደዚያ ስም የሚገቡበት መንገድ የለም። የተመዘገቡበት የኮሌጅ ኢሜይል ተመርቀው ሲወጡ ተዘግቷል። ስለዚህ በአዲስ ስም ገብተው እርማት አቀረቡ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ገምጋሚዎች ጣሉት፤ ምክንያቱም «ከጸሐፊዋ ሐሳብ ጋር ይቃረናል» የሚል ነው። «ጸሐፊዋ እኔ ነኝ» ብለው ደግመው አቀረቡ። ያም ተጣለ።

ትዕግስት ልታጽናናቸው ብላ በስልኳ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠየቀችው። እርሱም «ልብ አድርጉ፤ ቀሪ ካለው ጳጉሜን ስድስት የለችም» ብሎ በትሕትና መለሰ።

እትዬ ፀደንያ ስልኩን ከእጇ ቀስ ብለው ወሰዱና ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። «‹ልብ አድርጉ› የአባቴ ቃል ነው» አሉ። ከዚያም ወደ ፎቶው ዞረው «እያት። ታየኛለች፣ ግን አትሰማኝም» አሉኝ።

እኔ ግን ከፎቶው በታች ያሉትን የሦስቱን ገምጋሚዎች ስም እያነበብሁ ነበር። ሦስተኛው የእኔ ነው። በመድረኩ ላይ የምጠራበትን ስም እርሳቸው አያውቁትም። ፊደል እያቃናሁ ባጠራቀምሁት ነጥብ ገምጋሚ ሆኜ በየጧቱ ሃያ ያህል እርማት እጥል ነበር። ይህን መጣሌን ፈጽሞ አላስታውስም። እጄ ያለ እኔ የሠራ መሰለኝ።

ሁለት ቀን ደበቅኋቸው። በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ተመልሳ መጣች፤ የትምህርት ቤቱ ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። «አንዷን አስገብቼ አንዱን ከበር ልመልሰው?» ብላ ወጣች።

«እትዬ» አልሁ። «ሦስተኛው እኔ ነኝ።»

«የምን ሦስተኛ?»

«እርማትዎን ከጣሉት።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንብበኸው ነበር?»

«አላነበብሁትም።»

«ተመስገን። አንብበኸው ቢሆን ይብስ ነበር።»

በነጥቤ መልሱን በቀጥታ ላርመው ተነሣሁ፤ ከለከሉኝ። «በአንተ ቃል ከጻፍኸው ሌላ መጥቶ ይጥለዋል። የድሮውን ፈልግ።» መድረኩ የተጻፈን ነገር አያጠፋም፤ እያንዳንዱ እርማት በታሪክ ገጹ ላይ በተራ ይቀመጣል። ወደ ታች ወረድን። እንግዳው ሰው ከመድረኩ ወጥቶ ኖሮ ስሙ ተፍቆ ቁጥር ብቻ ቀርቶለታል። ከእርሱ በታች የመጀመሪያው ጽሑፍ ነበረ፤ «ልብ አድርጉ፤ ሦስት ቢተርፍ…»።

«ወደዚህ መልስ» የሚለውን ተጫንሁ። ምክንያት ሲጠይቀኝ «የጸሐፊዋ የራሷ ቃል ነው» ብዬ ጻፍሁ። ማንም አልተቃወመም።

ድርጅቱ ቃሉን ጠበቀ፤ ሐሙስ አስተካከለው። ዓርብ ጧት የቃለ አብ ወረቀት ወጣ፤ ትርንጎም ሁለቱን ወረቀቶች ደርባ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

እትዬ ፀደንያ ግን አልተነሡም። የመስከረም አንዱን አርባ አንድ ስም አትመው ስልኩን ወደ ራሳቸው ሳቡ። የመጀመሪያዋ እናት የደነባ ሰው ናት።

«ከልደት ምዝገባ ነው የምንደውለው። ልጅዎ በእውነት የተወለደው በየትኛው ቀን ነው?»

ከወዲያ አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጳጉሜን ስድስት መሆኑን ማን ነገራችሁ?» አለች።