ከሰዒድ ሆድ የወጣው የመንግሥት ንብረት

ቅዳሜ ጠዋት ነው... የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ነበር። እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን አጥብቀው እየተጣደፉ መጡና በጋዜጣ የተጠቀለለች ነገር እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ቁጠረው ልጄ። ቆጥረህ ፈርምልኝ» አሉኝ።

ፈታሁት... አሥራ አራት ትንንሽ ብረቶች። ታጥበዋል፤ አንዱ ላይ ግን ደም ደርቆበታል።

ብረቶቹ የት እንደነበሩ አውቃለኋ! የልጃቸው የሰዒድ ሆድ ላይ ነበሩ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ተባርሬ የቀበሌ ተላላኪ ሆኛለሁ። ሰዒድ አብሮ አደጌ ነው፤ እናቱ አዲሱ ገበያ ትንሽ ሱቅ አላቸው። አንጀቱ ተጠማዞ ሊሞት ሲል ሆስፒታል አስገቡት፤ አንድ ሩሲያዊ ሐኪም ቀዶ አዳነው።

ሐሙስ ዕለት ቤቱ ልጠይቀው ሄድኩ። ሸሚዙን ገለጥ ሲያደርግልኝ... ኧረ የኔ ጌታ! ሆዱ በክር አልተሰፋም። ከእምብርቱ በላይ እስከ ታች ድረስ በብረት ተቆንጥጧል፤ እኛ ቢሮ ማመልከቻ በስቴፕለር እንደምንመታው!

«ውስጥም አለ» አለኝ እየተኮፈሰ። «የተበላሸውን ቆርጠው አንጀቴን የገጠሙት በዚሁ ነው። ሽጉጥ የሚመስል መሣሪያ አላቸው፤ ቀጭ ሲያደርጉት ያልቃል። የውስጡ እዚያው ይቀራል፤ የላዩን ሰኞ ራሳቸው ይነቅሉታል።»

የኔ ምላስ ደግሞ መቼ ያርፋል?

«ከሶቪየት የመጣ ብረት እኮ ነው። የመንግሥት ንብረት! ተቆጥሮ ነው የተሰጠህ። እስከ ቅዳሜ ለቀበሌ ካላስረከብክ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» አልኩት፤ ፊቴን ኮስተር አድርጌ።

ሰዒድ ያውቀኛል። «ሂድ ወዲያ፣ አንተ ቀጣፊ!» ብሎ ትራስ ወረወረብኝ። እናቱ ግን ሻይ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔም ሳቄን አፍኜ ውልቅ አልኩ... ቀልድ ነው እንኳን ሳልላቸው።

ሞኝነቴን እዩልኝ! የሰዒድ አባት ስኳር ደብቀሃል ተብለው አምስት ወር የታሰሩት በዚሁ በአሻጥር ነው። መጥሪያውን ያደረስኩትም እኔው ነበርኩ። ታዲያ ለምን አያምኑኝ?

ወደ ቅዳሜው ልመለስ።

«እትዬ... ማነው የነቀለው?»

«እኔ ነኛ፤ በወረንጦ። ልጁ ቀልድ ነው ብሎ እንቢ ቢለኝ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። አባቱን አምስት ወር ወስዳችሁብኛል፤ እሱን ግን አልሰጥም።»

ከዚያ ግራና ቀኝ አይተው ጆሮዬ ሥር ተጠጉ።

«የውስጡን ግን ምን ላድርግ ታዴ? ለሱ ሲሉ ሆዱን ደግመው ይከፍቱታል እንዴ?»

ብድግ ብዬ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ፤ እሳቸውም ተከተሉኝ።

ሰዒድ ፍራሹ ላይ ተጋድሟል። ቁስሉ ከታች በኩል አፉን ከፍቷል፤ የታሰረበት ጨርቅ ርሷል። እኔን ሲያይ ጥርሱን ነክሶ «ና... ተረክበህ ፈርም» አለኝ።

ታክሲ ለምነን ሆስፒታል አደረስነው። ሩሲያዊው ቁስሉን ሲያይ ፊቱ በርበሬ መሰለ። የምታስተረጉመው ነርስ «ማነው የነካው? ሥጋው ሳይጋጠም ነው የተነቀለው። ትንሽ ቢቆይ አንጀቱ ይዘረገፍ ነበር ይላል» አለች።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ዘይነባ። የኔን ስም አልጠሩም። ዞር ብለውም አላዩኝም።

እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ቀልጄባቸው ነው» አልኩ።

ነርሷ ስትተረጉምለት ሐኪሙ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ገባና ቁስሉን አጥቦ በክር ሰፋው።

እትዬ ዘይነባ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

«ውሸት ነበር?»

«አዎ እትዬ።»

«የሚጠይቀን የለም? የውስጡንም?»

«ማንም አይጠይቅም። የሰዒድ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉና አለቀሱ። ለቅሶው ሲወጣላቸው ጫማቸውን አውልቀው አናቴን አሉኝ... አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም። ነርሷም አልገላገለችኝም።

ዛሬም እቀልዳለሁ፤ አመሌ አልለቀቀኝም... ግን የቀለድኩበት ሰው ሳይስቅ ደጃፉን አልወጣም።