ሰይፈ ሚካኤል አምፕሊፋየር ሲሞክር

መቱ ውስጥ ሰይፈ ሚካኤልን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ሰርግ አይጠራም። ጎሬ ተወልዶ ያደገ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ ነው። ጊታር የለመደው በቀበሌ ኪነት ነበር፤ ክልል ሲደራጅ የዞኑ ባህል ቡድን ውስጥ ገባ፤ ቡድኑ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከሂካ ጋር የሰርግ ባንድ አቋቋመ። በሥራ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ከቡሬ እስከ ሁሩሙ ሙሽራ ባለበት ሁሉ ጊታሩን አንግቶ ይገኛል። በአማርኛ ያኮርፋል፣ በኦሮምኛ ይቀልዳል፤ ሚስቱ ወርቅውሃ እንደምትለው በሁለቱም ጥፋቱን አያምንም።

በዚህ አገር የሰርግ ክብር የሚለካው በርቀት ነው። ሞንታርቦው የሚጮኸው ዳስ ውስጥ ላለው እንግዳ ሳይሆን ከወንዝ ማዶ ላለው ጎረቤት ነው። ማዶ ያልተሰማ ሰርግ፣ ሥጋው ተርፎ ቢደፋ እንኳ፣ "ተደብቀው ዳሩ" ይባላል፤ ቤተሰቡም ዓመት ሙሉ ይታማበታል። ስለዚህ የሙሽራው አባት መጥቶ ጨምሩ ይላል፤ የሙሽሪት አጎት መጥቶ ጨምሩ ይላል፤ እነሱም ይጨምራሉ። የሰይፈ ሚካኤል ቦታ ከሃያ ዓመት በላይ ከሞንታርቦው ጎን ነበር። ከእግሩ ሥር የራሱን ጊታር የሚሰማባት ትንሽ አምፕሊፋየር ትቀመጣለች፤ ወደ ሞንታርቦው የሚሄደው ድምፅ ግን ኪቦርድ በሚጫወተው በሂካ ሚክሰር በኩል ያልፋል። ጆሮህን ጠብቅ የሚለው ሰው ቢመጣ ኖሮ ስቆበት ይሸኘው ነበር።

የጊታሩ ቀጭን ድምፅ መጥፋት ከጀመረ እንግዲህ ሁለት ዓመት አልፎታል። ወፍራሞቹ ክሮች እንደ ድሮው ያጉረመርማሉ። ወደ ቀጭኖቹ ሲወጣ ግን የሚሰማው የጣቱ ኳ ኳ ብቻ ነው። ጥፋተኛ ለማግኘት አልተቸገረም፤ አሮጌዋ አምፕሊፋየር ናት። አስፈትቶ አሠራት፣ አልሆነም። ክር ቀየረ፣ ገመድ ቀየረ፣ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ እስከ ጥግ አዙሮ መጫወት ጀመረ። ወርቅውሃንም "ዕቃው አርጅቷል" አላት፤ እሷም ለወትሮው ብትከራከረውም በዚህ አልተከራከረችውም።

ብቻውን ሲሆን ግን ሌላ ሐሳብ ይመጣበታል። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የጸናጽሉን ድምፅ መስማት ካቆመ ሰነባብቷል። የመዘምራኑ እጅ ከፍ ዝቅ ሲል ያያል፤ ድምፁ የለም። ይህን ለማንም አልተነፈሰም። ፈርቶ ነበር። ጊታሩን ከተቀማ ምን እንደሚቀረው አያውቅም፤ የንብረት ክፍል ሠራተኛነቱንማ ራሱም ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅ።

ወልደ የሱስ ባለ አምፖል አምፕሊፋየር አስመጣ የሚለው ወሬ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ወልደ የሱስ ከጉራጌ አገር መጥቶ መቱ ላይ የሙዚቃና የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የከፈተ ነጋዴ ነው፤ ዕቃውን ያገኘው አዲስ አበባ ከተዘጋ አንድ ሆቴል ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ የነኩ ሰዎች እንደሱ ጥርት ያለ ድምፅ የለም ይላሉ። በዚህ ቀጭኑ ድምፅ ከተሰማው፣ ጥፋቱ የአሮጌዋ ዕቃ ነበር ማለት ነው። ካልተሰማው ደግሞ... ሰይፈ ሚካኤል ይህን ሐሳብ አንድም ቀን ጨርሶት አያውቅም። የሁሩሙ ሰርግ እየደረሰ ስለነበር ሂካን ይዞ ወደ መደብሩ ሄደ።

የወልደ የሱስ ልጅ ዳናዊት፣ ከአባቷ እኩል መደብሩን የምታንቀሳቅስ ወጣት፣ ዕቃውን በስታቢላይዘር በኩል ሰካችው። ከጀርባው ያሉት አምፖሎች ቀስ እያሉ ቀሉ።

"እስኪሞቅ ይታገሡ፣ ጋሼ።"

"እንደኔ ነው በይኛ፤ ሳይሞቅ አይናገርም" አለ ሰይፈ ሚካኤል። ሁሉም ሳቁለት።

ወፍራሞቹን ክሮች ሲመታ ድምፁ ሆዱ ድረስ ገባ። ሞቅ ያለ፣ ሙሉ ድምፅ ነበር። ፊቱ በራ፤ ወደ ሂካ ዞሮ "ሰማህ? አላልኩህም?" አለው። ከዚያ ጣቱ ወደ ቀጭኖቹ ወጣ። ኳ ኳ። እንደገና ሞከረ። ኳ ኳ።

"ዳናዊት፣ ቀጭኑን ጨምሪልኝ እስቲ።"

"ጨምሬዋለሁ፣ ጋሼ።"

"እስከ ጥግ አድርጊው።"

ልጅቱ ሂካን አየችው፤ ሂካ መሬት መሬቱን ያያል። አዞረችው። ሰይፈ ሚካኤል ባለ በሌለ ኃይሉ መታ። ዳናዊት ሁለት ጆሮዎቿን በእጆቿ ያዘች። ወልደ የሱስ ፊቱን አጨማደደ። በር ላይ አምፖል ስትመርጥ የነበረች ሴት የያዘችውን አስቀምጣ ወጣች። እሱ ግን ከጣቱ ኳኳታ በቀር ምንም አልሰማም።

ወልደ የሱስ ደግ ሰው ነው፤ ሰውን በሰው ፊት ማሳፈር አይወድም። "መብራቱ ነው" አለ ቶሎ ብሎ። "እዚህ ከተማ ከሰዓት በኋላ ኃይሉ ይቀንሳል። ሌላ ቀን ጠዋት ይምጡና ይሞክሩት።"

መውጫ ተከፈተለት። ሰይፈ ሚካኤል "እኔም እሱን ነው የጠረጠርኩት" ሊል አፉን ሲያሟሽ የልጅቱን እጆች አየ፤ ገና ከጆሮዎቿ አልወረዱም።

"ሂካ፣ የምታውቀውን ንገረኝ" አለ።

"ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ እዚህ አይሆንም።"

"እዚሁ ንገረኝ።"

ሂካ ላቡን ጠረገ። "ከቡሬው ሰርግ ወዲህ የእርስዎን ጊታር ሚክሰሩ ላይ ዘግቼው ነው የምንጫወተው" አለ። "ያን ቀን ሰው ጆሮውን እየያዘ ከዳሱ ወጣብን። ምን ላድርግ? የጎደለውን በኪቦርድ እሞላዋለሁ።"

የቡሬው ሰርግ ካቻምና ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጫወተባቸው ዳሶች አንድ በአንድ መጡበት፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ ሰው ሲጨፍር እያየ ደስ ብሎት የተጫወተባቸው። የሙሽሮች አባቶች ትከሻውን ሳም ሳም አድርገው አመስግነውት ነበር። ለካ አንዲት ድምፅ አልወጣችለትም።

"ማንም አልጠየቀም? ጊታሩ የት ሄደ ያለ ሰው የለም?"

"አንድ ሰው ጠይቆኛል።"

"ማን?"

"እትዬ ወርቅውሃ። የጎሬው ሰርግ ላይ አጠገቤ መጥተው፣ 'የሰይፈ ጊታር አይሰማኝም' አሉኝ። ነገርኳቸው። 'ለእሱ እንዳትነግረው፣ ይሰበራል' ብለው አስማሉኝ።"

ሰይፈ ሚካኤል ተናደደ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ፤ የትኛው እንደበለጠበት ራሱም አያውቅም። ከየሰርጉ ተመልሶ ዛሬ እንዲህ ተጫወትኩ፣ እንዲያ አስጨፈርኩ እያለ ሲያወራት፣ ያቺ ሴት እግሩን እያጠበች አንድ ቃል ሳታወጣ ስታዳምጠው ኖራለች።

ጊታሩን ከጭኑ አወረደና ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

"ለሁሩሙ ሰርግ ሌላ ጊታር ተጫዋች ፈልግ" አለ።

ያለው ኮስተር ብሎ ነበር። በልቡ ግን ሂካ "ይተዉ እንጂ ጋሼ፣ ያለ እርስዎማ እንዴት ይሆናል" እንዲለው ይጠብቅ ነበር። ለምኖት ቢሆን እንኳ እምቢ ይል ነበር፤ መለመኑን ብቻ ነው የፈለገው። ሂካ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ነቀለና ክርኑ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

"አግኝቻለሁ፣ ጋሼ" አለ ቀስ ብሎ። "ከእኛ ጋር መለማመድ ከጀመረ ቆይቷል።"