ከርነሉ ያላየው

የራጅ ክፍሉን ኮምፒውተር ሊጠግን የመጣው ሰውዬ ወንበር ቢሰጡት «እዚህ ቤት በሽተኛ ይዤ መቀመጥ ጠግቤያለሁ» ብሎ ቆመ። ከል ሸሚዙ ታጥቦ ታጥቦ አመድ መስሏል። ማሽኑን «አንተ» ይለዋል፣ ነርሷን «እህት ዓለም»።

«ሚሞሪ አንሶት ነው አይደል ቀጥ የሚለው?» አለች ነርሷ።

«ማነው አነሰው ያለሽ? አሥራ ስድስት ጊጋ ታጭቆበታል! ከርነሉ፣ ያ የማሽኑ አዛዥ፣ የሚያየው ግን ሦስቱን ብቻ ነው። እንግዳ አስገብታችሁ ለባለቤቱ አልነገራችሁም።»

ከርነሉን አስተካክሎ ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው። ሲንፏቀቅ የሚውለው የደረት ራጅ በቅጽበት ተከፈተ።

ነርሷ ክው አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆማ «ማሽኑ አልቻለም፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ስትል የኖረችው እሷ ናት። ሳል እያጣደፈው የሄደው ሽማግሌ፣ ልጇን አዝላ የተመለሰችው እናት ዓይኗ ላይ ድቅን አሉባት። ለካ ሚሞሪው ሁሉ እዚያው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነበር! ገዢው ገዝቶ፣ ገጣሚው ገጥሞ፣ አለቃው ፈርሞ ሲያበቃ፣ «ማሽኑስ አወቀው ወይ?» የሚል አንድ ሰው እንዴት ይጥፋ!

«ተመስገን፣ ዳነ» አለች።

ሰውዬው ገመዱን እየጠቀለለ ቀና ብሎ አያት።

«እሱስ ዳነ። የመለስሻቸውን ማን ይጥራቸው?»