እትዬ ታየች ካውንስሉን «አትቸገሩ» ያሉ ዕለት

ሰምሃል ሜልቦርን ውስጥ፣ ፍሌሚንግተን ሰፈር ትራም ስትሳፈር አንድ ባዶ ወንበር አየች። ባዶ የሆነው ከጎኑ እትዬ ታየች ስለተቀመጡ ነው። ሴትዮዋን የሚያውቅ መንገደኛ፣ ቅርብ የሚወርድ ከሆነ አጠገባቸው አይቀመጥም፤ ወሬያቸው ሳያልቅ ፌርማታው ያልፈዋል። ሰምሃል ግን ወሬ ትወዳለች፤ ሄዳ ተቀመጠች።

እትዬ ታየች የካውንስል፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ቤተ መጻሕፍትና አዳራሽ ያጸዳሉ። የዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ተወካይም ናቸው። እንዴት ተመረጡ ቢባል፣ ምርጫው ሲካሄድ ሽንት ቤት ነበሩ።

ለሰምሃል እንዳወሩላት፣ ዘንድሮ የሥራ ውሉ ሲታደስ ካውንስሉ ገንዘብ አጠረኝ፣ የእሁድ ማታ የክፍያ ጭማሪ ይቅርልኝ አለ። ዩኒየኑም መክሮ፣ እንተውላችሁ ይሆናል፣ በምትኩ ግን ምን ትሰጡናላችሁ አለ። ነገሩን አሳምሮ ያቀረበው የዩኒየኑ ሰው ሮቤራ ነበር። የካውንስሉ ማናጀር ጥቂት አሰበችና፣ እንግዲያው እያንዳንዱ ሠራተኛ ለራሱ በዓል ሁለት ቀን ከነደመወዙ ይረፍ፣ ታየችም ገናንና ስቅለትን ቤቷ ትዋል አለች።

የኛ ገና እዚህ አገር ተራ የሥራ ቀን ነው። እትዬ ታየች ስንቱን ገና ከመወልወያ ጋር አሳልፈዋል። ልባቸው ዘለለ። አፋቸው ግን እናታቸው ኮትኩተው ያሳደጉት አፍ ነው፤ የቀረበለትን ሳይለመን አይቀበልም።

«ኧረ ተዉት፣ ለኛ ብላችሁ አትቸገሩ አልኳት» አሉ።

ከዚያ «በሞቴ» እስክትላቸው ጠበቁ። ሮቤራ ደንግጦ በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ረገጣቸው። እሳቸው ደግሞ ጥሩ ይዘሻል፣ አንዴ ድገሚላት ያለ መሰላቸው፤ ደገሙላት። ማናጀሯ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች፣ እንዲህ ያለ ቅን ተወካይ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች፣ ወደሚቀጥለው ነጥብም አለፈች።

ሰምሃል ሳቋን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ሳቂ፣ ምን ቸገረሽ። ሮቤራም ስቋል፤ መጀመሪያ ግን ሊያለቅስ ነበር።»

ጭማሪው ሄደ፣ በዓሉም ሄደ። የራሷን አዲስ ዓመት ያስቀሩባት ቬትናማዊት ባልደረባቸው ሰላምታ ነሳቻቸው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሁለተኛው ድርድር ላይ እትዬ ታየች ወንበር እንኳ ሳይስቡ፣ ያን በዓል ወስጃለሁ አሉ። ማናጀሯ ግን የተዘጋ ነገር በነጻ አይከፈትም ብላ፣ በምትኩ የጠዋቱ ሥራ አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ከአሥራ አንድ እንዲጀመር ጠየቀች። እትዬ ታየች ምክር ፈልገው ሮቤራን አዩት። እግሩን ወንበሩ ሥር ሰብስቦ ተቀምጧል። እሳቸውም ተስማሙ።

«በአሥራ አንድ ሰዓት እኮ እግዜርም አልተነሳ፣ እትዬ» አለች ሰምሃል።

«እግዜርማ መች ይተኛል፤ ዩኒየን የለው።»

አሁን የሚሄዱት ኖርዝ ሜልቦርን፣ ባልደረቦቻቸው ወደተሰበሰቡበት አዳራሽ ነው። የጠዋት እንቅልፋቸውን እንደሸጡባቸው ሊነግሯቸው ነው። ውሉን በድምፅ ካልተቀበሉት በዓሉ እንደገና ይጠፋል፤ ከተቀበሉትም የሚነጫነጩት በእሳቸው ላይ ነው። ይህን ሲያወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ትራሙ ሊቆም ሲል ሰምሃል፣ ተናደው ከተወካይነት ቢያወርዱዎትስ ብላ ጠየቀቻቸው። እትዬ ታየች ጃኬታቸውን ቆልፈው ተነሱ።

«ውረጂ ካሉኝማ ሳልለመን እሺ ነው የምላቸው» አሉ በሩ ሲከፈት። «ግን አይሉኝም። ያን ሁሉ ስብሰባ ማን ሊቀመጥልኝ?»