ለተቀባይ የተተወ ቦታ

ናፍቆት እግሯን ሳታወዛውዝ መቀመጥ አይሆንላትም። ወረታ ውስጥ ኮምፒውተር ስታስተምር ጣቶቿ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ፤ ተማሪዎቿም ከኋላ ሆነው አብረው ይመታሉ። ከአዲስ አበባ ተመድባ ከመጣች ስድስት ዓመቷ። በእነዚህ ዓመታት በኮምፒውተሯ አርባ አንድ ሙዚቃ ጀምራለች፤ የጨረሰችው ግን አንድም የለም። ዛሬ ወድዳው የዋለችው ዜማ በማግስቱ የሰው ልብስ የለበሰች ያስመስላታል። ከበሮውን ታወጣለች፣ ታስገባለች፣ ታፈጥናለች፣ ታዘገያለች። ከዚያ ሌላ ትጀምራለች።

አርባ ሁለተኛው የራሷ ብቻ አልነበረም። የአከራይዋ የእማማ ጸሐይነሽ ድምፅ አለበት። በአረም ወራት የፎገራ ሰው ተደርድሮ፣ ጎንበስ ብሎ ሩዙን ሲያርም ግጥም የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው በረንዳ ላይ ሩዝ ይለቅማሉ። ድምፃቸውን ሲሰጧት አንድ ቃል አስገብተዋት ነበር።

«ሳልሰማው ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ። ደስ ካላለኝ እዚሁ ትተሽው ትሄጃለሽ።»

«ማርያምን እማማ፣ ሳይሰሙት አይወጣም!»

ያኔ ቀላል መስሏት ነበር። አሁን ዝውውሯ ደርሶ ሰኞ ጠዋት ልትሳፈር ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ለከበሮ የጎረቤቱን የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ ቀድታለች፤ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ሲዞር ጠፍ ጠፍ የሚለውን። ኮምፒውተሯ ላይ ድምፅ ሁሉ በየሳጥኑ ይቀመጣል፣ በአፈር ድንበር እንደተከፋፈለ የሩዝ ማሳ። የእማማ ድምፅ ግን በሳጥኑ አልገባ አላት። አንድ ቤት ግጥም ይሉና ዝም ይላሉ፤ ዝም ብለው ይቆዩና ሌላውን ያነሳሉ። እርጅና ነው፣ ረስተውት ነው አለች። በፍቅር፣ አንድ በአንድ፣ ዝምታውን ሁሉ ቆርጣ አወጣችው።

ከሰዓት በኋላ ስፒከሯን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው።

ርብ ሞልቶ አደረ መንገድ ከለከለኝ፣
ማዶ ያለ ልቤን ማን ያሻግርልኝ።

ወዲያው ሁለተኛው ግጥም፣ ወዲያው ሦስተኛው ተከተለ። እማማ ጸሐይነሽ ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱ።

«ማን ነው እንዲህ የሚያባርረኝ?»

«እንዴት እማማ?»

«ውሻ ለቀሽብኛል እንዴ? ትንፋሽ እንኳ አላስወሰድሽኝ! ተቀባዮቼንስ የት አደረስሻቸው?»

«ተቀባይ አልነበረም እኮ፤ ብቻዎን ነው ያሉት።»

«ብቻዬን! ዝም ስል ምን የምሠራ መስሎሽ ነበር? እንደ ድሮው እነ ትሁን በቀኜ፣ እነ ባየህ በግራዬ ሆነው፣ ከኋላ ያ ሁሉ ሰው ‹ኧኸ ሜዳዬ› ብሎ እስኪመልስልኝ ነው የጠበቅሁት።»

«እኔማ... የረሱ መስሎኝ።»

«እኔ? ግጥም? ሂጂ ወዲያ! አንቺን አረም ባስገባሽ ሩዙን ነቅለሽ አረሙን ትተይልኝ ነበር!» ሳቃቸውን ሊውጡ ሞከሩ፤ ከዚያ ፊታቸው ረጋ አለ። «ይኼ አይወጣም ልጄ።»

እሑድ ቀኑን ሙሉ ከክፍሏ አልወጣችም። ከመጀመሪያው ቅጂ ዝምታዎቹን መለሰች፤ መልሳም ፈራቻቸው። በዋሽንት ሞላቻቸው፤ ሐሰት ሆነ። የራሳቸውን ድምፅ ከሩቅ እንዲያስተጋባ አደረገች፤ እሱ ደግሞ ሙት ጠሪ አስመሰላቸው። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። በመጨረሻ ምንም ሳትጨምር ዝምታውን ብቻ ከፍ አድርጋ አዳመጠችው። ውስጡ ሰው አለበት። የእማማ ጣት ሰፌዱን ቀስ እያለ ይመታል፤ ለማይታዩት ተቀባዮች ጊዜ ይጠብቅላቸዋል። ለካ ድምፅ ሳይሆን ቆሻሻ ነው ብላ የጣለችው ይህን ነበር! ጣቱ በሳጥኑ ልክ አይሄድም፤ ትንሽ ይዘገያል፣ የሰው ወገብ ጎንበስ ቀና እንደሚል። የመፈልፈያውን ምት ከሳጥኑ አውጥታ ከጣቱ ኋላ ኋላ አስከተለችው።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ ስፒከሩን ከፈተች። የመጀመሪያው ግጥም አለቀ። ክፍተቱ መጣ። የእማማ ጣት ሰፌዱ ላይ መምታት ጀመረ፤ ዓይናቸው ማንንም አያይም፤ የሚመልስላቸው ግን የለም። ናፍቆት አልቻለችም።

«ኧኸ ሜዳዬ!» አለች፣ ከዜማው ወጣ ባለ ድምፅ።

እማማ ጸሐይነሽ ገልመጥ አደረጓት። «ድምፅሽ የእንቁራሪት ነው» አሏት። «ብቻ በሰዓቱ ገባሽ።»

«ልውሰደው ታዲያ?»

«ውሰጂው። ቦታውን ግን እንዳትደፍኚው፤ የሰማ ይቀበልበት።»

መኪናው ሜዳውን እየሰነጠቀ ሲበር ማዳመጫዋን አንድ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ደግማ ሰማችው። ልቧ አላረፈም፤ ሁለተኛው ግጥም ላይ የሆነ ነገር ከፍ ብሏል፣ ወይም ዝቅ ብሏል። ክፍተቱ ሲደርስ ረዳቱ «ሐሙሲት ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ፤ ልክ እንደ ተቀባይ ቦታው ላይ ገባ። ሳቋ አመለጣት። እጇ ኮምፒውተሩን ሊከፍት ወደ ቦርሳው ሄደ፤ ሳይከፍተውም ቦርሳውን ከላዩ ቀስ አድርጎ ይመታው ጀመር፣ ትንሽ እየዘገየ።