ባለወንበሯ ሲስተር እና እምቢ ያሉት ልብስ ሰፊ

በቀዶ ጥገና ክፍሉ ባልደረቦቿ «ባለወንበሯ» ነው የሚሏት። ሌላው ነርስ አልጋ አጠገብ ቆሞ ሲጠይቅ፣ እሷ ከየትም ብላ ወንበር ጎትታ ካልተቀመጠች አፏ አይከፈትም። ወንበር ከጠፋ የተገለበጠ ባልዲም ይበቃታል። «ምነው ሲስተር፣ ልትከርሚ ነው እንዴ?» ብለው ይቀልዱባታል፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ለመሄድ የቸኮለ ይመስላል፤ ለቸኮለ ሰው ደግሞ ማን የሆዱን ያወራል?

አጥብቃ የምትጠላው ነገር «ገባዎት?» የሚለው ጥያቄ ነው። እውነቷን ነው። የእኛ ሰው ነጭ ጋዋን ፊት ከቀረበ ገባውም አልገባውም መልሱ «እሺ» ነው። ስለዚህ ስለ መድኃኒት አስረድታ ስትጨርስ «እስቲ አሁን የነገርኩዎትን ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ እንዴት እንደሚነግሯት ያሳዩኝ» ትላለች። አንዱ ታካሚ ቁስል ላይ የሚቀባውን ቅባት «ከምግብ በኋላ በማንኪያ» ብሎ አስረድቷታል፤ ያውም ሲነገረው «እሺ፣ እሺ» ሲል የቆየ ሰውዬ! ባሏማ «ቤት ውስጥ ወንበር ስትስብ ካየሁ ያላጠፋሁትንም አምናለሁ» ይላል።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ነገር አመጡ። አንጀታቸው በብሽሽታቸው በኩል እየወጣ ያብጥባቸው ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ድንገት «ይቅርብኝ፤ ወደ ቤቴ መልሱኝ» አሉ። ሐኪሙ ታጋሽ ሰው ነው፤ ሥዕል ሳይቀር እየሳለ አስረዳቸው። ሴት ልጃቸው ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«በግድ አላስተኛቸውም» አለ ሐኪሙ ባለወንበሯን ኮሪደር ላይ አግኝቶ። «አንጀቱ ቤታቸው ሳሉ ከታነቀ ግን በሕይወት መመለሳቸውን እንጃ። እስቲ አንቺ ሞክሪ፤ እኔ ቃል አልቆብኛል።»

ገባች። «አባባ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«ደህና ይተኛል» አለች ልጅ።

«ምግብስ?»

«ትንሽ ትንሽ ይበላል» አለች አሁንም ልጅ። አባትየው ስለ ራሳቸው የሚወራውን እንደ ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«እህቴ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል በአፍሽ የዞረ አይመስለኝም» አለቻት ባለወንበሯ። «ውረጂና ሻይ ጠጪ፤ እኔ እዚሁ አለሁ።»

ልጅ እንደወጣች መጋረጃውን ስባ፣ ወንበሯን ከትራሱ አጠገብ አድርጋ ተቀመጠች። «ለምን» የሚለውን ቃል አላነሳችም፤ አዛውንቱ በእሱ ሲዋከቡ ነው የዋሉት።

«አባባ፣ ቤትዎ ሲሆኑ ጠዋት ተነሥተው መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለብሳታለሁ።»

ከአፋቸው አመለጣቸውና ደነገጡ። ሌላ ሰው ቢሆን «ማንን?» ብሎ ዘሎ በገባ ነበር። እሷ ግን ዝም አለች። ዝም ማለት ቀላል የሚመስለው ያልሞከረ ነው፤ አሁን አንድ ቃል ቢበዛባቸው ሰውዬው እንደገና ተዘግተው፣ ዛሬውኑ ልብሳቸውን ለብሰው ሊወጡ እንደሚችሉ ታውቃለች። ጠበቀች። ከመጋረጃው ውጭ የምሳ ጋሪ እየተንቋቋ አለፈ።

«ሚስቴን» አሉ በመጨረሻ። «ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። የቀሚሶቿን ቁልፍ ሁሉ ፈትቼ ላስቲክ አደረግሁባቸው። ልጆቹ ፋሽን መሰላቸው።» ሊስቁ ሞከሩ፤ እንባቸው ቀደማቸው። «ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች። ወጣ ስል ጋዙን ከሥሩ ዘግቼ ነው። አንዳንድ ቀን እኔኑ 'ባለቤቴ መቼ ነው የሚመጣው?' ትለኛለች። ገና ደህና ሳለች 'ልጆቼ እንዲህ ሆኜ እንዳያዩኝ' ብላ አስምላኛለች። አሁን ጎረቤት አብራት አለች፤ ሚስቴን ያመማት ጉንፋን ነው ብያታለሁ። እኔ እዚህ ተጋድሜ ብሰነብት ማን ይሸፍናታል፣ ልጄ?»

የባለወንበሯ ዓይን እንባ አቀረረ። ቢሆንም «አይዞዎት፣ ምንም አይደለም» አላለችም፤ ነገሩ ምንም አይደለም የሚባል አልነበረም።

«እንግዲህ ቀዶ ጥገናውን ፈርተው አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ቃልዎን እንዳያጥፉ ነው። በትክክል ሰማሁዎት?»

«በትክክል።»

«ሳይታከሙ ሄደው አንድ ነገር ቢሆኑስ፣ ባለቤትዎን ማን ያለብሳቸዋል?»

አዛውንቱ የብርድ ልብሱን ጠርዝ እንደ ጨርቅ ስፌት በጣታቸው እየዳሰሱ ቆዩ።

«እርስዎ ካልፈቀዱ ይህ ነገር ከእኔ አይወጣም» አለች። «ለልጅዎ መንገር ከፈለጉ ግን አብሬዎት እቀመጣለሁ።»

«ጥሪያት» አሉ።

ልጅ መጣች። አባት ቀና ሳይሉ ሁሉንም ነገሯት። ባለወንበሯ ልጅቷ ትጮሃለች፣ «እስከ ዛሬ እንዴት?» ትላለች ብላ ጠብቃ ነበር። ልጅ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እኔኮ አውቃለሁ» አለች። «ባለፈው ስመጣ አንተ ጓዳ ገብተህ ሳለ 'የማን ልጅ ነሽ?' አለችኝ። ማወቄን ካወቅህ ትሰበራለህ ብዬ ነው የደበቅሁህ።»

አዛውንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «ታዲያ ምን አልሻት?»

«'የአንቺ' አልኳት። ደስ አላት።»

አባትና ልጅ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ባለወንበሯም አብራቸው አለቀሰች፤ ነርስ አታልቅስ ያለ ማን ነው?

«ሐኪሙን ጥሪልኝ» አሏት አዛውንቱ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠርገው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ነገ ጠዋት ስታለብሻት ታዲያ ግራ እጇን አስቀድሚ፤ ትከሻዋን ያማታል።»