ሳጥን የሌላት አሰፋሽ

አሰፋሽ ከደጋው ገረሴ ወርዳ በመሬት ጽሕፈት ቤት በተላላኪነት ከተቀጠረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። የሥራዋ መሣሪያ አንድ የሸራ ቦርሳና ሁለት እግር ነው። ዋናው ቢሮ የከተማው ላይኛው ሰፈር ሴቻ ነው፤ መዝገብ ቤቱ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ። በመሃል ያለውን ቁልቁለት በቀን ሁለት ጊዜ ትመላለስበታለች፤ በቦርሳዋ የሰው ይዞታ፣ የሰው አቤቱታ፣ የሰው የስም ዝውውር ይዛ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ወረቀት አልጠፋባትም። ይህን ልብ ያለ ሰው ግን የለም። ያልጠፋ ነገር ማን ይፈልጋል?

በእሷ ዘመን ብዙ የአሠራር ለውጥና የምዘና ሥርዓት መጥቶ ሄዷል። ቢፒአር መጣ፤ ጠረጴዛዎቹ ቦታ ተቀያየሩ። ቢኤስሲ መጣ፤ ሰው ሁሉ ለራሱ ዘጠና አምስት ሰጠ። ካይዘን መጣ፤ መጥረጊያውና ባልዲው ቁጥር ተለጠፈባቸው። አሰፋሽ ሁሉንም እንደ ዝናብ ነበር የምታያቸው፤ ቦርሳዋን በፌስታል ሸፍና ታሳልፋቸዋለች።

የዘንድሮው ግን ፌስታል የማይመልሰው ሆነ። ዘካሪያስ የሚባል ወጣት ባለሙያ ከሥልጠና ሲመለስ የሥራ ሂደት ሞዴል ይዞ መጣ። ሲያስረዳው ቀላል ነው። ሥራው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ይሣላል፤ እያንዳንዱ ተግባር ሳጥን ይሆናል፤ ከሳጥን ሳጥን ቀስት ይሠመራል፤ ሠራተኛውም በሳጥኑ ይመዘናል። ውጤት ያለው በአዲሱ መዋቅር ይመደባል። ውጤት የሌለው፣ ኃላፊው በስብሰባው ላይ እንዳሉት፣ “በሌላ አማራጭ ይታያል።” ሌላው አማራጭ ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አሰፋሽ መነጽሯን አድርጋ ራሷን ፈለገች። ጥበቃው ደበሌ ሳጥን አለው። ከተበላሸ አራት ዓመት ያለፈው ጀነሬተር እንኳ ሳጥን አለው።

“ልጄ፣ እኔ የታለሁ?” አለችው ዘካሪያስን።

በእስክሪብቶው ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው የተሠመረውን መሥመር አሳያት። “ይሄውልዎት እትዬ አሰፋሽ። ይህ ቀስት እርስዎ ነዎት።”

“ቀስቱ ስንት ይሰጠዋል?”

“ቀስት አይመዘንም። ውጤት የሚገኘው ሳጥን ውስጥ ነው።”

“ታዲያ ወረቀቱ ከሳጥን ሳጥን በምን ይሄዳል?”

“በቀስቱ ነዋ” አለ ዘካሪያስ፣ ይህን ያህል ግልጽ ነገር ለምን እንደጠየቀችው ግር ብሎት።

ለጡረታ የቀራት ሦስት ዓመት ነው። እሷ ይህን እየቆጠረች ስትወጣ ደበሌ በር ላይ ጠበቃት።

“ቀስቷ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትወጊ ነው?”

“አንተ ሳጥን፣ ክዳንህን ግጠም።”

በሁለተኛው ሳምንት ገረሴ ያለችው አክስቷ ማረፏ ተነገራት። ፈቃድ ልትጠይቅ ሄደች። ቅጹ የቅርብ ኃላፊ ፊርማ ይላል፤ ቀስት ደግሞ የቅርብ ኃላፊ የለውም። አንደኛው ሳጥን ወደ ሁለተኛው መራት፤ ሁለተኛው ወደ አንደኛው መለሳት።

“ምደባው እየተሠራ ነው” አላት ደበሌ፣ አሁን ሳይቀልድ። “በዚህ ሰሞን ከዓይናቸው አትጥፊ።”

“መች ዓይናቸው ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ? ያሳደገችኝን ሴት ሳልቀብር ብቀር ግን ገረሴ የሚሰጠኝን ነጥብ አውቀዋለሁ።”

ቦርሳውን ከነወረቀቱ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀለች፤ ለደበሌም፣ ለጸሐፊዋም፣ ለዘካሪያስም እዚያ መኖሩን ነግራ ሄደች።

ማንም አልነካውም። ወረቀት ማድረስ በማንም ሳጥን አልተጻፈም፤ ከሳጥኑ የወጣ ደግሞ ነጥብ ይቀነስበታል። የይዞታ ካርታ ሊወስዱ የመጡ የላንቴ ቀበሌ ገበሬዎች ሲቀላ መዝገብ ቤቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከታች ወደ ላይ በተደወለ ቁጥር “ወረቀቱ መንገድ ላይ ነው” ይባላል። ወረቀቱ ምስማር ላይ ነበር፤ ሦስት ቀን።

በአራተኛው ቀን አሰፋሽ ጥቁር ለብሳ ተመለሰች። ያለ ፈቃድ በመሄዷ መባረሬ አይቀርም ብላ፣ ከገረሴ ስትወርድ መኪናው ውስጥ ቦርሳውን እንዴት እንደምታስረክብ ስታስብ ነው የመጣችው። ዘካሪያስ ግን እንደ ሙሽራ ፊቱ በርቶ ተቀበላት።

“እትዬ አሰፋሽ፣ ማነቆው ተገኘ።”

ሥዕሉ ላይ ቀስቱ ተፍቆ ቀይ ሳጥን ተተክቷል። ውስጡ “የሰነድ ዝውውር፣ መነሻ አፈጻጸም ሦስት ቀን” ይላል፤ ከሥሩ የእሷ ስም።

“ለቅሶ ሄጄ ነው እኮ።”

“ለቅሶው አይገባም። ሞዴሉ ውስጥ የሚገባው ጊዜው ነው።”

ቦርሳውን አንግታ ወረደች፤ እንደ ሁልጊዜው በአርባ ደቂቃ አደረሰች። ነጥብ የሚሰጠው ለመሻሻል ነውና፣ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሲሰላ ከሦስት ቀን ወደ አርባ ደቂቃ ወርዳለች፤ መሻሻል፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ። በምደባው ዝርዝር አንደኛ ሆነች፤ አዳራሽ ውስጥ ተጨብጭቦላት የምስክር ወረቀት ተሰጣት። አንድ ቀን እንኳ አርፍዳ የማታውቀዋ የመዝገብ ቤቷ ልክነሽ፣ የምታሻሽለው ነገር ስላልተገኘባት ስልሳ ሁለት አገኘች።

“ምን አድርገሽ ነው?” አለቻት ልክነሽ በጆሮዋ።

“ለቅሶ ሄጄ።”

ልክነሽ አሰበችበት። ከኋላ የተቀመጡትም ሰምተው አሰቡ።

በቀጣዩ ሩብ ዓመት መጀመሪያ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ብዙ አክስት ሞተባቸው። አንዲት ጸሐፊ ብቻዋን ሁለት ቀበረች። ያልሄዱትም አንድ ፊርማ ሳምንት ይፈጅባቸው ጀመር። ሁሉም ለሚቀጥለው መሻሻል ከወዲሁ ቦታ እያመቻቸ ነው። ዘካሪያስ ቀይ እስክሪብቶ አለቀበት፤ ደስታው ግን አላለቀም።

የአሰፋሽ ቦርሳ ባዶ ሆነ። ሳጥኗ ግን በቀን ሁለት ጉዞ ይላል፤ ስለዚህ ባዶውን ትወርዳለች፣ ባዶውን ትወጣለች። አንድ ቀን ከላንቴዎቹ አንዱ ከድንጋዩ ተነሣ።

“እናቴ፣ የኔ ወረቀት መጣ?”

መንገድ ላይ ነው ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ቦርሳውን ከፍታ አሳየችው። ገበሬው ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየ። ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቀላት።

“ደክሞዎታል። ትንሽ ቁጭ ይበሉ እንጂ።”

“ይቅርብኝ ልጄ” አለች አሰፋሽ፣ ባዶውን ቦርሳ ወደ ትከሻዋ እየመለሰች። “ከተቀመጥኩ ደግሞ ይሸልሙኛል።”

ዳገቱን ተያያዘችው።